ንስሐ የሚገባ ሰው ከየት ይጀምር? ከዝግጅት እስከ ሥጋ ወደሙ

ገብረ መድኅን (ውይይቱን የከፈተ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰላም ወንድሞችና እኅቶች። ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚሆን የንስሐ ትምህርት እየተዘጋጀ ነው። «ንስሐ ግቡ» የሚል ስብከት ሞልቷል። ወጣቱ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ለማን ልናዘዝ? ምን ብዬ ልጀምር? ምን ያህል ልዘርዝር? ካህኑ የሚያዝዘኝ ቀኖና (ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ስግደቱ) ካቃተኝስ? የበደልኩት ሰው «አልታረቅም» ቢለኝስ? ውጭ አገር ያለው ደግሞ በስልክ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃል። ነገሩን የምታውቁ አባቶችና መምህራን በዝርዝር ብትጽፉልን፤ ጥቅስ ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ጭምር።

ቀሲስ ዘአጥቢያ

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ከተናዛዡ በፊት ከካህኑ ልጀምር፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

የማሰርና የመፍታት ሥልጣን (ማቴ 18፥18፣ ዮሐ 20፥23) የተሰጠው ቅስና ላለው ነው። ዲያቆን አያናዝዝም። መሪጌታ በዜማም በቅኔም የቱንም ያህል የበሰለ ቢሆን ቅስና ከሌለው አያናዝዝም። መነኩሴም እንደዚሁ ነው፤ ቆብ መድፋት በራሱ ክህነት አይደለም። ገዳም ወርዶ ቆብ ላደረገ ሁሉ ኃጢአቱን የሚዘረዝር ምእመን ብዙ ነው። ከማንኛውም መነኩሴ ምክርና ጸሎት መጠየቅ መልካም ነው፤ ኑዛዜ ግን ቅስና ላለው ብቻ ነው። «አባቴ፣ ቅስና አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ቢቻል የአጥቢያ ካህን ይሁን። በዓመት አንዴ ለንግሥ ሲሄዱ የሚገኝ አባት ቀኖናው መፈጸሙን አይከታተልም፣ ሲወድቁ አያነሣም። የማያውቅ ሰው የደብሩን ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ካህን ያገናኙታል። ባልና ሚስት አንድ የንስሐ አባት ቢኖራቸው ቤቱን አንድ ሐኪም ያየዋል፤ ኑዛዜያቸው ግን ለየብቻ ነው። አንዱ የተናዘዘውን ካህኑ ለሌላው አይናገርም፣ በምልክትም አያሳይም። የኑዛዜ ምሥጢር ያወጣ ካህን ከክህነቱ ይሻራል።

ዝግጅቱ ላይ ጥቂት ቀን ውሰዱ፤ ሦስት ቀን በቂ ነው። ራስን የምንመረምርባቸው ሁለት መስታወቶች አሉን። አንዱ ዐሥርቱ ትእዛዛት ነው። ሁለተኛው በማቴ 25፥35-36 ያሉት ስድስቱ ቃላተ ወንጌል ናቸው፦ የተራበ፣ የተጠማ፣ እንግዳ፣ የታረዘ፣ የታመመ፣ የታሰረ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ብቻ ራሱን ይመዝንና «አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም» ብሎ ባዶ እጁን ይመጣል። ሁለተኛው የሚጠይቀው ያላደረግነውን ነው። የታመመች እናቱን ወራት ያልጠየቀ ሰው ራሱን የሚያገኘው እዚያ ነው።

እንዳይረሳ በወረቀት መጻፍ ይቻላል፤ ከኑዛዜ በኋላ ይቃጠላል። በስልክ ማስታወሻ ላይ አትጻፉ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ለጥገና ይሰጣል፣ ልጅ ይከፍተዋል።

አሁን ወደ አነጋገሩ። ሦስት ዓይነት የተበላሸ ኑዛዜ አለ። አንደኛው «አባቴ፣ ያልሠራሁት የለም፣ ሁሉንም በድያለሁ፣ ይፍቱኝ» የሚለው ነው። ትሕትና ይመስላል፤ ካህኑ ግን ምኑን ይዞ ያክም? ሁለተኛው «ሚስቴ ስላናደደችኝ መታኋት» የሚለው ነው፤ ይህ የሚስት ክስ ነው። ሦስተኛው ከሥር መሠረቱ ታሪክ የሚያወራ፣ የሰው ስም የሚጠራ፣ ጎረቤቱን ሁሉ የሚያናዝዝ ነው።

ትክክለኛው አጭር ነው፦ ድርጊቱ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ጊዜ፣ ማን ተጎዳ፣ አሁን ቆሟል ወይ። ለምሳሌ «ከመሥሪያ ቤት ሒሳብ ገንዘብ ወስጃለሁ፤ ሁለት ዓመት ያህል፣ በየወሩ፤ ጠቅላላው ወደ 18,000 ብር ይሆናል፤ አልመለስኩም፤ ካቆምኩ ስድስት ወር ሆኖኛል»። እያንዳንዷ ቃል ቀኖናውን ትለውጣለች። አንድ ጊዜ ተቸግሮ የወሰደና ሃያ አራት ጊዜ አስቦ የወሰደ ሰው ሕመማቸው አንድ አይደለም።

በዝሙት ኃጢአት ላይ ዓይነቱ፣ ትዳር መኖር አለመኖሩ፣ ግንኙነቱ መቆም አለመቆሙ ይበቃል። አኳኋኑን መተረክ ለተናዛዡም ለካህኑም ፈተና ነው። የሌላው ሰው ስም አይነሣም።

ወለተ ኪዳን

ቀሲስ፣ ይፍቱኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎችን የሚያሳስት ስለሆነ። መንገድ ላይ ካህን አግኝተን መስቀል ተሳልመን «አባቴ ይፍቱኝ» ስንል «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉናል። በቅዳሴም ፍትሐት ዘወልድ (የኃጢአት መፍቻ ጸሎት) ይደርሳል። «በየቀኑ ‘ይፍታሽ’ እየተባልኩ ሌላ ንስሐ ለምን?» የሚሉ ሰዎች አሉ። የመንገዱ ቡራኬ ነው፣ የቅዳሴውም ለጉባኤው በሙሉ የሚደርስ ነው። ሁለቱም ኃጢአትን በስም ለይቶ የሚናገር የአንድን ሰው ኑዛዜ አይተኩም።

ሌላው ችግር ሁለተኛው ምልልስ ነው። ሰው ይናዘዛል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ ይሄዳል። ቀኖናውን ፈጽሞ ተመልሶ መምጣቱን ግን ይረሳል። ያልተዘጋ ንስሐ ይዞ ዓመታት የሚቆይ አለ።

ቀሲስ ዘአጥቢያ

እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ፣ ዋናውን ነገር ነው ያነሣሽው። ቅደም ተከተሉን ላስቀምጠው።

ቦታው ብዙ ጊዜ ቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዛፍ ሥር፣ ደጀ ሰላም አካባቢ። ሰው የሚያያችሁ፣ ነገር ግን የማይሰማችሁ ርቀት ላይ ይሁን። እኛ ዘንድ ተናዛዥና ካህን ፊት ለፊት ናቸው፣ መጋረጃ የለም። ተናዛዡ ነጠላውን በሥርዓት ለብሶ ይቀርባል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ተናዛዡ መዝሙር 50ን («ተሣሃለኒ እግዚኦ»፣ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 51 ሆኖ ይቆጠራል) ቀደም ብሎ ቤቱ ቢያደርስ መልካም ነው። ከዚያ ይናዘዛል። ካህኑ ያልገባውን ይጠይቃል፣ ይመክራል፣ ቀኖናውን ከነቀን ቁጥሩ ይናገራል። የመመለሻውን ቀን ሁለታችሁም እዚያው ቁረጡ፤ «ስትጨርስ ና» ብቻ ከተባለ ሰው አይመለስም።

በሁለተኛው ቀን «ፈጽሜያለሁ» ወይም «ይህን ያህል ጎድሎብኛል» ይላል። ካህኑ የፍትሐት ጸሎት አድርሶ በመስቀሉ ይባርከዋል፣ ወደ ሥጋ ወደሙ እንዲቀርብ ይፈቅድለታል። ንስሐ ወደ ቁርባን የምታደርስ መንገድ ናት። ሰው ንስሐ ገብቶ ቁርባንን «ስሸመግል» ብሎ ከተወ፣ ታጥቦ ለብሶ ከሠርጉ ቤት ደጅ ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀናቸው ተጠምቀው የዚያኑ ዕለት ይቆርባሉ። ቁርባን ለሕፃንና ለሽማግሌ ብቻ ነው የሚል ሥርዓት በየትኛውም መጽሐፋችን የለም። ይህ ልማድ ያሳዝነኛል፣ ደጋግሜም እናገረዋለሁ።

መምህር ዘጉባኤ

ስለ ቀኖናው ልጻፍ።

ቀኖና የኃጢአት ዋጋ አይደለም። የኃጢአት ዋጋ በመስቀል ተከፍሏል። ቀኖና ነፍስ የጎበጠችበትን የምታቀናበት ልምምድ ነው። ስለዚህ በደሉን በተቃራኒው ይመታዋል፦ ስስታምን ምጽዋት፣ ሆዳምን ጾም፣ ትዕቢተኛን ስግደትና ዝቅ ያለ አገልግሎት፣ ሐሜተኛን ዝምታና ላማው ሰው መጸለይ። ለሁሉም በደል አንድ ዓይነት «ሰባት ቀን ጾም፣ 41 ስግደት» እየታደለ ከሆነ ሐኪሙ ለሁሉም አንድ ክኒን እየሰጠ ነው።

መሣሪያዎቹ አራት ናቸው፦ ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት፣ ምጽዋት። ጸሎቱ በዳዊት ሲሆን ልኩ ይታወቃል። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፣ ዐሥር ዐሥሩ «አንድ ንጉሥ» ይባላል፣ 15 ንጉሥ ይሆናል። «በቀን አንድ ንጉሥ» የተባለ ሰው በ15 ቀን ይፈጽማል። ማንበብ ለማይችል «አቡነ ዘበሰማያት» እና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በቁጥር ይሰጠዋል፤ 12 ወይም 41 ጊዜ የተለመደ ነው።

ስግደቱም ሦስት ዓይነት መሆኑን አስተምሩ። ሰጊድ ማለት ግንባር መሬት እስኪነካ ወድቆ መነሣት ነው። አስተብርኮ መንበርከክ ነው። አድንኖ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው። ካህኑ «41 ስግደት» ሲል የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። በቀን 41 ሰጊድ ለ40 ቀን 1,640 ነው፤ ለማይሰግድ ሰውነት ቀላል ቁጥር አይደለም። አንድ ጊዜ በጥድፊያ ከመውረድና ከመነሣት ሃያውን ሰግዶ፣ ቆሞ መዝሙር 50 አድርሶ፣ ቀሪውን መቀጠል ይሻላል፤ ትንፋሽም ይመለሳል፣ ልብም ይሰበሰባል። ከምግብ በፊት ጠዋት ላይ ይመቻል። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ጉልበት ይጎዳል፤ ምንጣፍ ማንጠፍ ከቀኖናው አያጎድልም።

የማይሰገድበትም ጊዜ አለ። እሑድ፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ሃምሳ፣ እንዲሁም ሰው በቆረበበት ዕለት አይሰገድም። በበዓለ ሃምሳ ጾምም የለም። በዚያ ወቅት ንስሐ የገባ ሰው ጸሎትና ምጽዋት ይሰጠዋል፣ ወይም ጾሙና ስግደቱ ከጾመ ሐዋርያት እንዲጀመር ይቀጠርለታል። ይህን ሳያውቁ ፋሲካ ማግሥት ሲጾሙ የሚገኙ አሉ።

በታሪኩ ላይ አንድ ነገር። ፍትሐ ነገሥት የሚባለው የሕግ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተሰናድቶ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው፤ በውስጡ ለየበደሉ ረዣዥም ቅጣቶች ይገኛሉ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ደግሞ ክርስቲያን ሁሉ የንስሐ አባት እንዲይዝ አጥብቀው አዘዋል። ዛሬ እያንዳንዱ ቤት «የእኛ አባት» የሚለው ካህን ያለው በዚህ ረጅም ልማድ ነው። የፍትሐ ነገሥቱን የዓመታት ቅጣት እያነበባችሁ ግን ራሳችሁን አትቅጡ። መጽሐፉን በሰውየው አቅም ልክ የሚመነዝረው ካህኑ ነው።

ዮናስ ዘሐዋሳ

መምህር፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው 100 ስግደት ቢታዘዝ፣ ሦስት ቀን ሰግዶ ቢያቆምስ? ከመጀመሪያው ይጀምራል? ነፍሰ ጡርስ?

ቀሲስ ዘአጥቢያ

ወንድሜ ዮናስ፣ ጥፋቱ ዝም ማለቱ ላይ ነው። ካህኑ ጉልበትህን አያይም። ቀኖናው ሲነገርህ እዚያው «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ሕመም አለብኝ» በል። የስኳር ሕመምተኛ፣ መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ሁሉም አስቀድመው ይናገሩ። ጾሙ ወደ ጸሎት፣ ሰጊዱ ወደ አስተብርኮ ወይም ወደ ምጽዋት ይለወጣል።

ካቋረጠ በኋላም መንገዱ አንድ ነው፦ ለሰጠው ካህን መናገር። በራስ ሥልጣን ማሳነስም፣ ማብዛትም፣ ሌላ ካህን ጋ ሄዶ ቀለል ያለ መሸመትም አይገባም። የሰጠው ካህን ቢያርፍ ወይም ቢርቅ ቀኖናውን አዲሱ የንስሐ አባት ይረከበዋል፤ «ከቀድሞው አባት ይህ ተሰጥቶኝ እዚህ ድረስ አድርሻለሁ» ብለህ ትነግረዋለህ። የተጎደለውን ቀን በመጨረሻ መጨመር ነው ወይስ እንደገና መጀመር የሚለውን እሱ ይወስናል። እኔ ብሆን እንደገና አላስጀምርም፤ ሰው ተስፋ ከቆረጠ አጋንንት ሥራቸው ቀለለ።

ብር ስለመስጠትም አንድ ቃል። ንስሐ አይሸጥም። ምእመን ለካህኑ በፍቅር የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። በቀኖና የታዘዘ ምጽዋት ግን ለድኻ ነው የሚሄደው፤ ወደ አናዛዡ ኪስ አይገባም። «ይህን ያህል ብር አምጣና ልፍታህ» የሚል ካለ ነገሩን ለደብሩ አስተዳዳሪ አድርሱ።

ዘወንጌል

እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፣ በትሕትና ልጠይቅ። 1ዮሐ 1፥9 በኃጢአታችን ብንናዘዝ ይቅር ሊለን የታመነ ነው ይላል። ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ብቻ ከሆነ በመካከል ሰው ለምን ያስፈልጋል?

መምህር ዘጉባኤ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን እኛም እናምናለን፤ ካህኑ ራሱ የሚላትን ቃል ተመልከታት። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ነው የሚለው። የግሡ ባለቤት እግዚአብሔር ነው፣ ካህኑ ለማኝ ነው። የላቲን ሥርዓት ካቶሊክ ካህን «እኔ እፈታሃለሁ» ይላል፤ የእኛው ከዚህም ይለያል።

ታዲያ ካህኑ ለምን? ጌታ ከትንሣኤ በኋላ እፍ ብሎባቸው «ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ኃጢአታቸው ይቀርላቸዋል፤ የያዛችሁባቸው ተይዞባቸዋል» አለ (ዮሐ 20፥23)። ይያዝ ወይስ ይፈታ የሚለውን ለመለየት ጉዳዩን መስማት ግድ ነው። ዐሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ላካቸው፤ ሲሄዱም ነጹ (ሉቃ 17፥14)። በኤፌሶን ያመኑት እየመጡ ያደረጉትን ይናዘዙ፣ ይናገሩም ነበር (ሐዋ 19፥18)። ያዕ 5፥16 እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ሲል ከሁለት ቁጥር በፊት የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ጠርቷል፤ ሽማግሌዎች የተባሉት ቀሳውስት ናቸው ብለን እንተረጉማለን።

ከተግባር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ብቻውን የሚናዘዝ ሰው ራሱን ወይ በጣም ያቀልላል ወይ በጣም ያከብዳል። ዳዊት ነቢዩ ናታን የድኻውን በግ ታሪክ ሲነግረው እንኳ በሌላ ሰው ላይ ይፈርድ ነበር (2ሳሙ 12)። «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚል ሌላ አፍ አስፈለገው።

ዘወንጌል

አመሰግናለሁ መምህር። የቃሉን አገባብ እንደዚያ አላየሁትም ነበር። በሁሉም ባንስማማም ልቤ ተቀብሎ የሚያስበው ነገር ሰጡኝ።

ፍሬ ነገር

ስለ መመለስ ልጻፍ፤ በትምህርታችሁ ውስጥ ይህ ክፍል ከቀረ ንስሐው ጎዶሎ ነው። የወሰዱትን ይዞ «ይቅር በለኝ» ማለት አይሆንም። ዘኍ 5፥6-8 ቅደም ተከተሉን በሙሉ አስቀምጦታል፦ ይናዘዛል፣ ዋናውን ይመልሳል፣ አምስተኛ እጅ ይጨምራል፣ ለበደለው ሰው ይሰጣል፤ ያ ሰው የሚቀበልለት ዘመድ ከሌለው ለካህኑ ይሆናል። በ18,000 ብር ላይ አምስተኛው 3,600 ነው፤ ድምሩ 21,600። ዘኬዎስ ግን አራት እጥፍ ብሎ ቆረጠ (ሉቃ 19፥8)።

ከዐሥር ዓመት በፊት የተወሰደ 5,000 ብር ያኔና ዛሬ የሚገዛው ነገር አንድ አይደለም። ያኔ በሬ የሚገዛ ገንዘብ ወስዶ ዛሬ የዶሮ ገንዘብ መመለስ ራስን ማታለል ነው። ዕቃ ከሆነ ዕቃውን ወይም የዛሬ ዋጋውን መመለስ ነው። መሬትና ወሰን የገፋ ወሰኑን ይመልሳል፤ እዚህ ላይ ስግደት ምትክ አይሆንም።

ባለቤቱ ቢሞት ለወራሾቹ። ከብዙ ሰው በሚዛን እያጎደለ የሸጠ ነጋዴ ሁሉንም ሊያገኝ አይችልም፤ በግምት አስልቶ በእነርሱ ስም ለድኾች ይሰጣል፣ ሚዛኑንም ያቀናል። መታወቁ እስር ወይም የበቀል ግድያ የሚያመጣ ከሆነ ገንዘቡን በካህኑ እጅ ስም ሳይጠቀስ መመለስ ይቻላል። ለአንድ ጊዜ መክፈል ያልቻለ በየወሩ ይክፈል፤ የወሩን ልክ ከንስሐ አባቱ ጋር ይቁረጥ። ንስሐ መግባት ግን ከሕግ ተጠያቂነት ነፃ አያወጣም፤ ይህን ለወጣቶቹ በግልጽ ንገሩ።

በስም ማጥፋትም ዕዳ አለ። ሐሜቱን በአምስት ሰው ፊት የተናገረ ለተበደለው ብቻ «ይቅርታ» ቢል አልመለሰም። አምስቱ ጋ ሄዶ «ያልኩት ሐሰት ነበር» ማለት አለበት። ከስግደት ሁሉ የሚከብደው ይሄኛው ነው።

ገብረ መድኅን

ትዳር ላይ የማገጠ ሰውስ ለሚስቱ ይናገር? ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል።

ቀሲስ ዘአጥቢያ

ለካህኑ ሳያማክር ቤት ሄዶ አያፍርጠው። አንዳንዱ የራሱን ሸክም ለማራገፍ ብሎ ሚስቱ ላይ ይጭነዋል፤ ትዳሩም ይፈርሳል። ካህኑ የሴቲቱን ሁኔታ፣ የልጆቹን ነገር አይቶ ይመክረዋል። አንድ ነገር ግን አይታለፍም፦ የበሽታ ሥጋት ካለ አስቀድሞ ይመርመር፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ከእርሷ ይታቀብ፣ ሕመም ከተገኘበት ደግሞ ሊደብቃት አይችልም። ያ ነፍስ ማጥፋት ነው።

ወለተ ኪዳን

ወደ ይቅርታው ልሂድ። ማቴ 5፥23-24 መባህን ትተህ «አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ይላል። ስለዚህ የንስሐ አባት ከሚጠይቁት አንዱ «የተጣላሽው ሰው አለ ወይ?» ነው።

በዳይ ከሆንን እኛ እንሄዳለን፦ መጀመሪያ ብቻችንን፣ እንቢ ካለ በሽማግሌ፣ ከዚያ በካህን። ስንሄድ «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» አንበል፤ «ከሆነ» የምትለው ቃል ይቅርታውን ትበላዋለች። «በዚህ ቀን፣ በእገሌ ፊት እንዲህ ብዬ አዋርጄሃለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በለኝ» ነው የሚባለው። በቅንነት ሄደን፣ ካሣውንም አቅርበን እንቢ ካለ፣ ለንስሐ አባታችን እንነግራለን። የእርሱ እንቢታ እኛን ከቁርባን ሊከለክለን አይገባም፤ በጸሎት ስሙን እያነሣን እንጠብቃለን። ሞቶ ከሆነ ለቤተሰቡ የሚደረገውን አድርገን በስሙ እንመጸውታለን።

ተበዳይ ስንሆን ነገሩ ይከብዳል፤ እኅቶችን በተለይ የሚጎዳ አባባል ስለሰማሁ በግልጽ ልጻፈው። ይቅር ማለት ቂምንና በቀልን ከልብ ማውጣት ነው። ወደሚደበድብ ባል ቤት መመለስ ማለት አይደለም። «ይቅር ካልሽ ክስሽን አንሺ» የሚል ሽማግሌ ሁለት ነገሮችን ደባልቋል። በቀልን ትታ ለፖሊስ ማመልከት፣ ልጆቿን ይዛ መሸሽ ኃጢአት አይደለም። እምነት የሚመለሰው ደግሞ በሥራ ተፈትኖ፣ በጊዜ ነው። እርሱ ንስሐ ከገባ ከቀኖናው አንዱ እጁን መሰብሰቡ በዘመድና በካህን ፊት መታየቱ ይሁን።

ወለተ ጊዮርጊስ ዘቤይሩት

አባታችን፣ በዐረብ አገር በቤት ሥራ ላይ ያሉ እኅቶች በወር አንድ ቀን ነው የሚወጡት፣ እሱንም ከተፈቀደ። በስልክ ንስሐ ይቻላል?

ቀሲስ ዘአጥቢያ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ኑዛዜ፣ የፍትሐት ጸሎትና ቡራኬ በአካል ነው ሥርዓቱ። ካህን ፈጽሞ በሌለበት ቦታ ላለች ሴት በስልክ ምክር መስጠት፣ የምትጸልየውን መንገር፣ ተስፋ እንዳትቆርጥ ማበርታት ግን የካህን ግዴታ ነው። ፍትሐቱ ካህን ፊት እስክትደርስ ይቆያል። በመካከል ሞት ቢመጣ እግዚአብሔር ናፍቆቷን ያያል፤ በዚህ አትጨነቁ።

ጥንቃቄ ግን አድርጉ። ኃጢአትን በድምፅ መልእክትም በጽሑፍም አትላኩ። ይቀመጣል፣ ይተላለፋል፤ «አባ እገሌ ነኝ» እያለ የሰው ምሥጢር ሰብስቦ ገንዘብ የሚጠይቅ አታላይም አለ። በማኅበራዊ መገናኛ የተገኘን «አባት» ከየትኛው ደብር እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትናዘዙ።

በወር አንድ ቀን ለምትወጣ በሁለት ወር ይከፈላል፦ በመጀመሪያው ወር ኑዛዜ፣ በመካከሉ ቤት ውስጥ የሚፈጸም ቀኖና፣ በሁለተኛው ወር ፍትሐትና ቁርባን። ቀኖናው አሠሪዋ ሳታይባት የሚፈጸም ይሁን፤ ዳዊት በቃሏ፣ አስተብርኮ በክፍሏ። ለቁርባን 18 ሰዓት መጾም አለና ሰዓቱን ቆጥራ ትነሣ። ጠዋት 3 ሰዓት የምትቆርብ ከሆነ ከዋዜማው 9 ሰዓት ጀምሮ ምግብም ውኃም የለም።

አቤል ዘዋሽንግተን

አሜሪካ የተወለዱት ልጆች አማርኛ ይቸግራቸዋል፣ አንዳንድ ካህናት ደግሞ እንግሊዝኛ አይችሉም። እናት አስተርጓሚ ሆና የምትገባበት ጊዜ አለ።

መምህር ዘጉባኤ

እናት ማስተርጎም የለባትም። ልጁ እናቱ ፊት እውነቱን አይናገርም፤ ከዋሸ ደግሞ ንስሐው ራሱ ኃጢአት ሆነበት። ቋንቋውን የሚችል ካህን ሌላ ከተማ ካለ በዓመት ሁለት ጊዜ መኪና መንዳት ይሻላል። አንዳች ከሌለ ልጁ በደሉን በወረቀት በቀላል አማርኛ ጽፎ ካህኑ ፊት ያንብበው፣ እዚያው ይቀደድ። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለዚህ የሚሆኑ ሃያ ሠላሳ ቃላት ቢያስተምሩ ትልቅ ሥራ ነው፦ ዋሸሁ፣ ሰረቅሁ፣ ቀናሁ፣ ተሳደብኩ፣ አመነዘርኩ፣ ቂም ያዝኩ።

ገብረ መድኅን

እግዚአብሔር ይስጥልን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለትንሣኤ መቁረብ የሚፈልግ ወጣት መቼ ይጀምር?

ቀሲስ ዘአጥቢያ

ብዙ ሰው ሰሙነ ሕማማትን ይጠብቃል፤ ስሕተቱ እዚያ ነው። በሰሙነ ሕማማት ኑዛዜ አይሰጥም፣ መስቀል አይሳለሙም፣ «ይፍታህ» አይባልም። ለዚህ ነው በሆሣዕና በሳምንቱ ለሚሞቱት ጭምር አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት የሚደረገው። ስቅለት ማታ ካህናት በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ጠብ ጠብ እያደረጉ ስግደት የሚሰጡት የዕለቱ ሥርዓት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያልተነገረ ኃጢአት በእርሱ አይዘጋም። ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚሄዱም ብዙዎቹ የሚደርሱት በዚያው ሳምንት ስለሆነ ተናዝዘው ይነሡ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከዚያ በፊት የሦስት ቀን ጾመ ነነዌ አለ። ወጣቶቻችሁ በነነዌ ራሳቸውን ይመርምሩ፣ በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ይናዘዙ። 40 ቀን ቀኖና የተሰጠው እንኳ ሰሙነ ሕማማት ሳይደርስበት ይፈጽማል። ፍትሐቱ ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት ውስጥ ይሁንላቸው። ካህናቱም ያን ጊዜ ወረፋ ስለሚበዛባቸው ሰንበት ትምህርት ቤቱ ከአሁኑ ከደብሩ ጋር ቀን ቢይዝ፣ በአንድ ቀን ሃምሳ ወጣት ከማሰለፍ በየቅዳሜው ስምንት ስምንት ቢሆኑ፣ እያንዳንዱ ሳይቸኩል ይናገራል።